ዴድ የሆነ አክሰስ ፖይንትን መመለስ፦ ፈርምዌር ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

ጅማ ውስጥ የዋይፋይ ዕቃ የሚጠግን ሰው ክረምት ሲገባ ሥራ አያጣም። ዝናቡ ነጎድጓድ ይዞ ይመጣል። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ መልሶ ይሄዳል። ዋይፋይ የሚያሰራጨው ዕቃ፣ አክሰስ ፖይንቱ፣ በዚያች ሰዓት ፈርምዌሩን (የሚያሠራውን የውስጥ ሶፍትዌር) እያደሰ ከነበረ ጉድ ፈላ። መብራቱ ሲመለስ አንዲት አምፖል ብቻ ትበራለች። የዋይፋዩ ስም ስልክ ላይ አይታይም። ባለቤቱም «በቃ ተቃጥሏል» ብሎ አዲስ ሊገዛ ይነሳል።

አትቸኩሉ። እንዲህ ዓይነቱ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ አልተቃጠለም፤ ይነሳል። ልዩ መሣሪያም አይፈልግም። ላፕቶፕ፣ የኔትወርክ ኬብል፣ ተራ የኔትወርክ ስዊች፣ ሪሴት መጫኛ መርፌ ቁልፍና ትክክለኛው ፋይል ይበቃሉ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው ሪሴቷን ስንት ሰከንድ ልጫን እያለ ሲጨነቅ ነው። ሥራው ግን ከዚያ በፊት ነው የሚያልቀው። ላፕቶፑ በደንብ ከተዘጋጀ ሪሴቷ ቀላል ናት።

ለምን ሊመለስ ይችላል?

አክሰስ ፖይንት ውስጥ ያለችው የማስታወሻ ቺፕ በክፍል በክፍል የተከፈለች ናት። ብዙ ቤት ያለውን ቲፒ-ሊንክ 841ኤን ቨርዥን 9 እንውሰድ። ቺፑ 4 ሜጋባይት ነው። መጀመሪያ ላይ ያለው 128 ኪሎባይት የቡትሎደሩ፣ ማለትም ዕቃውን የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም ነው። መጨረሻ ላይ ያለው 64 ኪሎባይት የሬዲዮው ልኬት የተጻፈበት ነው። መሃል ያለው 3,904 ኪሎባይት የፈርምዌሩ ነው። አፕዴት ስታደርጉ በተለምዶ የሚጠፋውና እንደገና የሚጻፈው ይሄ መሃለኛው ክፍል ነው። መብራት በመሃል ሲጠፋ የሚበላሸውም እሱ ነው።

ቡትሎደሩ ግን እንዳለ ነው። ቤቱ ቢዘረፍም ዘበኛው በሩ ላይ ቆሟል እንደማለት ነው። ኤሌክትሪክ ሲገባ መጀመሪያ የሚነቃው እሱ ነው። ፈርምዌሩን ያያል፤ ደህና ካልሆነ ወይም ሪሴት ተጭኖ ካገኘ አዲስ ፋይል በኬብል ለመቀበል ይዘጋጃል። ፋይሉ የሚተላለፍበት መንገድ ቲኤፍቲፒ ይባላል። የድሮና በጣም ቀላል የፋይል ማስተላለፊያ ነው። የይለፍ ቃል አይጠይቅም፣ በዩዲፒ ፖርት 69 ይሠራል።

መጀመሪያ በእርግጥ ፈርምዌር መሆኑን አጣሩ

መናኸሪያ አካባቢ ፔንሲዮን ያላቸው አንድ ሐጂ አክሰስ ፖይንታቸውን በፌስታል ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ሞቷል ይሉኛል። እውነት ነው?»

«ሐጂ፣ አዳፕተሩንስ ይዘውታል?»

«እሱ ደህና ነው፣ መብራቱ ይበራል እኮ!»

መብራቱ ይበራል። በቴስተር ሲለካም 12 ቮልት ያሳያል። ዕቃው ላይ ሲሰካ ግን ወደ 8 ይወርዳል። አክሰስ ፖይንቱ ይነሳል፣ ዋይፋዩን ሊከፍት ሲል ኃይል ያጥረዋል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል። የሐጂ ችግር አዳፕተሩ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ሌላ አዳፕተር ሞክሩ። ቮልቱ ዕቃው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ይሁን፤ አምፔሩ እኩል ወይም በለጥ ያለ ይሁን። ጫፉ ገባ ብላችሁ 12 ቮልቱን ለ9 ቮልት ዕቃ እንዳትሰኩ። ጣሪያ ላይ የሚሰቀሉትና ኃይል በኔትወርክ ኬብል የሚያገኙት ላይም ይሄው ነው። በኬብል የሚመጣው ኃይል ፒኦኢ ይባላል፤ 24 ቮልት የሚፈልግ አለ፣ በ48 ቮልት የሚሠራም አለ። ኃይሉን ወደ ኬብሉ የሚያስገባውን ኢንጀክተር ከዕቃው ጋር አስተያዩ።

የፈርምዌር መበላሸት ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። የፓወር መብራቷ ብቻ በርታ ትቀራለች። ወይም ሁሉም መብራቶች አንድ ላይ ቦግ ብለው ይጠፋሉ፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ያው ይደገማል። ወይም ላፕቶፕ ስትሰኩ የኬብሉ መብራት ይበራል፣ ገጹ ግን አይከፈትም። ኬብሉን በየትኛውም ቀዳዳ ብትሰኩ መብራት ካልበራ፣ በተለይ መብረቅ ከወረደ በኋላ ከሆነ፣ ፖርቱ ራሱ ተመቶ ሊሆን ይችላል። ያንን ፈርምዌር አያድነውም።

ፋይሉን ፈልጉ፣ ግን ተጠንቀቁ

ዕቃውን ገልብጡና ስቲከሩን አንብቡ። ሞዴሉ ብቻ አይበቃም። የሃርድዌር ቨርዥኑን ፈልጉ። «ቨር» ከሚለው ጽሑፍ ጎን 9.2 ወይም 11.1 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ቁጥር ነው ዋናው። ቨርዥን 9ና ቨርዥን 11 ከላይ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ፣ ፋይላቸው ግን አንድ አይደለም። ስቲከሩ በላብና በአቧራ ከተፋቀ በስልክ ፎቶ አንሱና አጉሉት፣ ብዙ ጊዜ ይነበባል።

ፋይሉን ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። ከቴሌግራም ግሩፕ የተላከላችሁን አትጫኑ፤ ማን ምን እንደጨመረበት አታውቁም። እንደ 841 ላለ ትንሽ ዕቃ ፋይሉ 4 ሜጋባይት አይሞላም፣ በስልክ ዳታ ይወርዳል። አዳዲሶቹ ግን ከዚያ በብዙ ይበልጣሉ። ሲጨርስ ዚፑን ክፈቱና ውስጡ ያለውን የ«ቢን» ፋይል አውጡ። ዚፑን እንዳለ መላክ የተለመደ ጣጣ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በድሮዎቹ ቲፒ-ሊንኮች የፋይሉ ስም ውስጥ «ቡት» የሚል ቃል ካለ ቡትሎደሩንም አብሮ ይዟል ማለት ነው። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ያለ እሱ ያለው ነው። ከተገኘ ቡት የሌለበትን ውሰዱ። ካልተገኘ ለ841 ቤተሰብ የፋይሉ የመጀመሪያ 131,584 ባይት ተቆርጦ ነው የሚላከው። ሊኑክስ ላይ «ዲዲ» በምትባለው ትዕዛዝ በአንድ መስመር ያልቃል። ይሄን ካላወቃችሁት ለሚያውቅ ሰው ስጡት። በግምት የሚሞከር ነገር አይደለም።

ላፕቶፑን አዘጋጁ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። እምቢ የሚለው ዕቃ ብዙውን ጊዜ እምቢ ያለው እዚህ በተዘለለ ነገር ነው።

የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፉ። ሁለት ኔትወርክ ላይ ያለ ላፕቶፕ ፋይሉን በየት በኩል እንደሚልክ ይምታታበታል። ላፕቶፑ የኔትወርክ ቀዳዳ ከሌለው ከዩኤስቢ ወደ ኢተርኔት የሚቀይር አዳፕተር ይሠራል።

ቀጥሎ ለኬብሉ ቋሚ አይፒ አድራሻ ስጡት። ለብዙዎቹ ቲፒ-ሊንኮች 192.168.0.66 ነው፣ ሰብኔት ማስኩ 255.255.255.0። ጌትዌይና ዲኤንኤስ ባዶ ይቅሩ። ይሄ 66 ከየት መጣ አትበሉ፤ ቡትሎደሩ ውስጥ ተጽፏል። እሱ የሚፈልገው ያንን አድራሻ ብቻ ነው። 192.168.0.65 ላይ ብትቀመጡ ዓመት ቢጠራ አትሰሙትም።

ከዚያ የቲኤፍቲፒ ሰርቨር ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ላይ ቲኤፍቲፒዲ64 ነፃና ቀላል ነው። ክፈቱት፣ ፋይሉ ያለበትን ፎልደር ምረጡ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ 192.168.0.66ን ምረጡ። ሊኑክስ ለምትጠቀሙ ዲኤንኤስማስክ በቂ ነው።

የፋይሉን ስም ቀይሩ። ቡትሎደሩ የሚጠይቀው በተወሰነ ስም ነው። ለ841ኤን ቨርዥን 9 ስሙ የሞዴሉና የቨርዥኑ መጠሪያ፣ የታች ሰረዝ፣ «ቲፒ»፣ የታች ሰረዝ፣ «ሪከቨሪ»፣ ነጥብ፣ «ቢን» ነው፤ ሁሉም በትንንሽ የላቲን ፊደል። አርቸር ሲ7 ቨርዥን 2 ላይ ግን ኤዋና ሲዋ ትልልቅ ናቸው። ሊኑክስ ላይ ይሄ ልዩነት ሥራውን ያስቆመዋል።

ዊንዶውስ ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው። የፋይሉን መጨረሻ ይደብቃል። እናንተ ስሙ ላይ «ነጥብ ቢን» ብላችሁ ስትጽፉ እሱ ቀድሞ የደበቀው ሌላ «ነጥብ ቢን» አለ። ፋይሉ «ነጥብ ቢን ነጥብ ቢን» ሆኖ ቁጭ ይላል። ስክሪኑ ላይ ትክክል ይመስላል፣ አክሰስ ፖይንቱ ይጠይቃል፣ ላፕቶፑ «የለም» ይላል። ፎልደሩ ላይ ገብታችሁ የፋይል መጨረሻዎች እንዲታዩ አድርጉና ተገላገሉ።

ፋየርዎሉን ለጊዜው አጥፉ። ፖርት 69ን ብቻ መክፈት ሁልጊዜ አይበቃም፤ ጥያቄው በ69 ቢመጣም ፋይሉ የሚተላለፈው በሌላ ፖርት ነው። አንቲቫይረሱም የራሱ ፋየርዎል ካለው እሱንም። ላፕቶፑ በዚያች ሰዓት ኢንተርኔት ላይ ስላልሆነ አትፍሩ። ስትጨርሱ መልሱት።

የመጨረሻው፣ ኬብሉ። በላፕቶፑና በአክሰስ ፖይንቱ መካከል ተራ ስዊች ጣልቃ አግቡ። አምስት ቀዳዳ ያላት ርካሽዋ ትሆናለች። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ አክሰስ ፖይንቱ ሲጠፋና ሲነሳ የላፕቶፑ ፖርት አብሮ ይወድቃል። ዊንዶውስ «ኬብል ተሰካ» ብሎ እስኪነቃ ጥቂት ሰከንዶች ያልፋሉ። ቡትሎደሩ ደግሞ አይጠብቅም፤ ጠርቶ መልስ ካጣ ያልፋል። ስዊች ካለ የላፕቶፑ ወገን ሁሌ ንቁ ነው። በአክሰስ ፖይንቱ በኩል ኬብሉን ከላን ቀዳዳዎቹ አንዱ ላይ ሰኩ፣ ሰማያዊው የዋን ቀዳዳ ላይ አይደለም።

ሰማዩንም ተመልከቱ። ከጅሬን ኮረብታ በኩል ጠቁሮ ከመጣ ሥራውን ለነገ አድርጉት፣ ወይም ስዊቹንም አክሰስ ፖይንቱንም ዩፒኤስ ላይ ሰኩ። ለራውተር የሚሆነው ሚኒ ዩፒኤስ ይበቃል፣ ቮልቱ ብቻ ይግጠም።

አሁን ሪሴት

1. አክሰስ ፖይንቱን አጥፉ።
2. ሪሴቷን በመርፌ ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ። አንዳንዶቹ ላይ ሪሴትና ደብሊውፒኤስ (ያለ ይለፍ ቃል በቁልፍ ዋይፋይ ማገናኛው) አንድ ቁልፍ ናቸው።
3. ሳትለቁ ኃይሉን አብሩ።
4. ዓይናችሁ የቲኤፍቲፒዲ64 ሎግ (የሚሆነውን እየመዘገበ የሚያሳየው ክፍል) ላይ ይሁን። ጥያቄ እንደመጣ ሪሴቷን ልቀቁ። ብዙ ጊዜ ከ10 ሰከንድ አይበልጥም።

ሎጉ ላይ አክሰስ ፖይንቱ የጠየቀው ፋይል ስም ቁልጭ ብሎ ይጻፋል። ይሄ ትልቅ ዕድል ነው። ስሙን ከየትም ባታገኙት እሱ ራሱ ይነግራችኋል። «ፋይሉ አልተገኘም» ካለ ደስ ይበላችሁ፤ ቡትሎደሩ በሕይወት አለ ማለት ነው። ስሙን እንደጠየቀው አስተካክሉና ድገሙት።

ፋይሉ በሰከንዶች ውስጥ ይሄዳል። ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ዝውውሩ አልቋል፣ ጽሑፉ ግን አላለቀም። ቺፑ ላይ እየተጻፈ ነው። አሁን ካጠፋችሁት ወደ መጀመሪያው ተመለሳችሁ። አምስት ደቂቃ ያህል እጃችሁን ሰብስቡ፣ ቡና ካለ ጠጡ። ራሱ ጠፍቶ ይነሳል፣ መብራቶቹም እንደ ድሮው ይሆናሉ።

የሌሎች ብራንዶች ጠባይ

ዩቢኩቲ ተገላቢጦሽ ነው። ቲፒ-ሊንክ ፋይሉን ራሱ ይጠይቃል፤ ዩቢኩቲ ግን እናንተ እስክትልኩለት ይጠብቃል። ላፕቶፑን በ192.168.1 የሚጀምር አድራሻ ስጡት፣ ለምሳሌ 192.168.1.10። ሪሴቷን ይዛችሁ ኃይል ስጡና መብራቶቹ እየተፈራረቁ መብለጭለጭ እስኪጀምሩ አትልቀቁ። ከዚያ 192.168.1.20ን ፒንግ አድርጉ። ከመለሰ ዝግጁ ነው። በቲኤፍቲፒ ክላየንት ፋይሉን ወደዚያ አድራሻ ላኩ፣ ባይነሪ በሚለው ዘዴ። ዊንዶውስ ላይ ክላየንቱ አለ፣ ግን የዊንዶውስ ፊቸሮች ውስጥ ገብታችሁ ማብራት አለባችሁ።

ማይክሮቲክ የራሱ ፕሮግራም አለው፣ ኔትኢንስቶል ይባላል። ኬብሉን አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር 1 ፖርት ላይ ሰኩ። ሪሴቷን ይዛችሁ አብሩና ዕቃው ኔትኢንስቶል ዝርዝር ውስጥ ብቅ እስኪል ጠብቁ። የፕሮሰሰሩን ዓይነት አይታችሁ ትክክለኛውን ፓኬጅ ምረጡ። ሴቲንጉ ሁሉ እንደሚጠፋ እወቁ።

በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የምታገኙት የድሮ ሲስኮ ኤይሮኔት ሪሴት ሳይሆን ሞድ የሚል ቁልፍ አለው። እሱን ተጭናችሁ ኃይል ስጡ፣ መብራቱ ቀይ እስኪሆን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ያዙ። ዕቃው 10.0.0.1 ይሆናል። ላፕቶፑ ከ10.0.0.2 እስከ 10.0.0.30 ባለው ውስጥ ይሁን። ፋይሉ መጨረሻው «ዲፎልት» የሚል ስም ነው የሚፈለገው፤ ሙሉ ስሙን ከሎጉ ታነቡታላችሁ።

ሎጉ ጭጭ ካለ

ምንም ጥያቄ ካልመጣ ዋየርሻርክ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱና የኬብሉን ትራፊክ ተመልከቱ። ሪሴት ይዛችሁ ስታበሩ «እንዲህ የሚባለው አድራሻ የማን ነው?» የሚል የኤአርፒ ጥሪ ካያችሁ ቡትሎደሩ የትኛውን አድራሻ እንደሚፈልግ አወቃችሁ። ላፕቶፑን ያንን አድራሻ ስጡት። ዋየርሻርክም ላይ ምንም ከሌለ ኬብል ቀይሩ፣ ሌላ የላን ቀዳዳ ሞክሩ፣ ሪሴቷ ራሷ እንደምትሠራ እዩ። የተበላች ሪሴት ብዙ አለች።

ከዚያ የሚቀረው ዕቃውን መክፈት ነው። ቦርዱ ላይ የሲሪያል ቀዳዳዎች አሉ፤ ዕቃው ሲነሳ የሚጽፈው በእነሱ በኩል ይነበባል። ከዩኤስቢ ወደ ቲቲኤል የሚቀይረው ገመድ 3.3 ቮልት መሆን አለበት፣ 5 ቮልቱ ዕቃውን ሊገድለው ይችላል። ሦስት ሽቦ ብቻ ይገናኛል፦ ግራውንድ ከግራውንድ፣ መላኪያው ከመቀበያው፣ መቀበያው ከመላኪያው። የኃይሉን ሽቦ አትንኩት። ፍጥነቱ ብዙዎቹ ላይ 115200 ነው፣ ሲስኮ ላይ 9600። ሲነሳ የሚጽፈውን እያነበባችሁ የት ላይ እንደሚወድቅ ታያላችሁ። በድሮዎቹ ቲፒ-ሊንኮች የላቲኑን ቲ፣ ፒ፣ ኤል ቶሎ ጽፋችሁ ቡትሎደሩን ታስቆሙታላችሁ፤ አንድ ሰከንድ ብቻ ነው የሚሰጣችሁ።

ሲሪያሉም ላይ ምንም ካልተጻፈ ቡትሎደሩ ራሱ ሄዷል። ቺፑን በፕሮግራመር (በቺፕ መጻፊያ መሣሪያ) መጻፍ ይቻላል። ግን መጀመሪያ ያለውን እንዳለ አንብባችሁ አስቀምጡ። ያ መጨረሻ ላይ ያለው 64 ኪሎባይት የዚያ ዕቃ የራሱ ልኬት ነው። ከሌላ ዕቃ የተገለበጠ ከተጻፈበት ዋይፋዩ ይነሳል፣ ሲግናሉ ግን ሊደክም ይችላል። ዕቃው ርካሽ ከሆነ እዚህ ድረስ መሄዱ አያዋጣም፤ ለመማር ካልሆነ በቀር።

ከተነሳ በኋላ

ሁሉም ሴቲንግ ጠፍቷል፣ ዕቃው ከካርቶን እንደወጣ ነው። ስሙንና የይለፍ ቃሉን አዲስ ስጡት። የመግቢያውን አድሚን የሚለውን የይለፍ ቃልም ቀይሩ። ደብሊውፒኤስን አጥፉ።

ከዋናው ራውተር ጀርባ የሚሠራ አክሰስ ፖይንት ከሆነ ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ አድራሻውን ከዋናው ጋር በማይጋጭ ቀይሩ፤ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ ይሄኛው 192.168.1.2 ይሁን። ሁለተኛ አድራሻ አዳዩን፣ ዲኤችሲፒውን አጥፉ። ካልጠፋ ሁለት ዕቃ አድራሻ ማደል ይጀምራል። ግማሹ እንግዳ ኢንተርኔት ያገኛል፣ ግማሹ ዋይፋዩ ተገናኝቶለት ምንም አይከፍትለትም። ፔንሲዮን ውስጥ ከሆነ ሌሊቱን ስልካችሁ ይጮሃል።

ሴቲንጉ ሲያልቅ ባክአፑን ወደ ኮምፒውተር አውርዱና የፈርምዌሩ ፋይል ካለበት ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። ቀጣዩን አፕዴት ስታደርጉም በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ይሁን።

ላፕቶፑን ከመዝጋታችሁ በፊት አይፒውን ወደ አውቶማቲክ መልሱት፣ ፋየርዎሉንም አብሩት። ያ 192.168.0.66 እዚያው ከቀረ ነገ ቢሮ ገብታችሁ ኬብል ስትሰኩ ኢንተርኔት እምቢ ይላል።